የሽል ግንድ ሴሎች፦ ባሉበት የማቆየት ሥራ

በዚህ ዕትም የምንመልሳቸው አምስት ጥያቄዎች ከሰው ሽል ተወስደው በላቦራቶሪ ስለሚያድጉ ግንድ ሴሎች፣ ማለትም ወደ ሌላ ዓይነት የሰውነት ሴል ሊለወጡ ስለሚችሉ ሴሎች፣ የቀረቡ ናቸው። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናቸዋል፤ የጸሐፊዎቹንም ስም ትተናል። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ የሽል ግንድ ሴል የሚገኘው ከተወረደ ፅንስ ነው የሚል ነገር ሰምተው ጠየቁኝ። ለእያንዳንዱ ሙከራ አዲስ ሽል ያስፈልግ እንደሆነም ማወቅ ይፈልጋሉ። ከመነሻው ብታብራሩልኝ።

መልስ፦ ከውርጃ የሚገኝ አይደለም። እነዚህ ሴሎች የሚወሰዱት ሽሉ ገና ከማኅፀን ግድግዳ ጋር ከመጣበቁ በፊት ባለው አጭር ጊዜ ስለሆነ፣ ሴቲቱ ማርገዟን ከምታውቅበት ጊዜ እንኳ ይቀድማል። እንቁላሉና የወንዱ ዘር ከተዋሐዱ በኋላ በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ቀን ሽሉ ብላስቶሲስት የሚባል፣ ውስጡ ፈሳሽ የቋጠረ፣ በዓይን ለማየት እጅግ የሚያስቸግር ድቡልቡል የሴሎች ስብስብ ይሆናል። ዙሪያውን የሸፈኑት ሴሎች ወደፊት የእንግዴ ልጁን ሲሠሩ፣ በአንድ ወገን ተጠጋግተው የሚታዩት የውስጥ ሴሎች ደግሞ መላውን አካል ይሠራሉ። ግንድ ሴሎቹ የሚገኙት ከእነዚህ ከውስጦቹ ነው።

ሽሎቹ የሚመጡት ልጅ ለመውለድ ተቸግረው ከማኅፀን ውጭ የማዳቀል ሕክምና ካደረጉ ጥንዶች ነው። በዚህ ሕክምና ብዙ ጊዜ ከሚያስፈልገው በላይ ሽሎች ስለሚገኙ ትርፎቹ በብርቱ ቅዝቃዜ ይቀመጣሉ፤ ጥንዶቹ መውለድ ሲያበቁም ሽሎቹ ለሌሎች እንዲሰጡ፣ እንዲወገዱ ወይም ለምርምር እንዲውሉ የሚወስኑት እነሱ ናቸው። ለምርምር የሚሰጥ ሽል የጥንዶቹ የጽሑፍ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል።

በዊስኮንሰን ማዲሰን ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው ጄምስ ቶምሰንና ባልደረቦቹ በኖቬምበር 1998 የመጀመሪያዎቹን የሰው ሽል ግንድ ሴሎች ይፋ ያደረጉት በዚህ መንገድ በተለገሱ 36 ሽሎች ላይ ሠርተው ነበር። ከእነዚህ ውስጥ ወደ ብላስቶሲስት ደረጃ የደረሱት 20 ናቸው፤ የውስጡን ሴሎች ለይቶ ማውጣት የተቻለው ከ14ቱ ሲሆን፣ በሳህን ላይ ጸንተው መባዛት የቀጠሉት የሴል ዘሮች (እያንዳንዳቸው ከአንድ ሽል የመነጩ ሴሎች) አምስት ብቻ ነበሩ። ኤች1፣ ኤች7፣ ኤች9፣ ኤች13 እና ኤች14 የሚል መለያ ተሰጣቸው። ለተማሪዎችዎ ሁለተኛ ጥያቄ መልሱ የሚገኘው እዚህ ላይ ነው። ኤች9 ከአንድ ሽል አንድ ጊዜ ብቻ የተገኘ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ እየተባዛ፣ በትንንሽ ብልቃጥ እየታሸገና በፈሳሽ ናይትሮጅን እየተቀመጠ፣ በልዩ ልዩ አገሮች ላሉ ላቦራቶሪዎች ሲታደል ኖሯል። ተመራማሪው ለሙከራው የሚያቀልጠው ብልቃጥ እንጂ አዲስ ሽል አይደለም። ይሁን እንጂ አንድ የሴል ዘር በተገኘበት ጊዜ ያ መነሻ ሽል ማደጉን እንዳቆመ ከተማሪዎችዎ መደበቅ የለብዎትም፤ ክርክሩ ሁሉ የሚነሳው ከዚህ እውነታ ነውና።

ጥያቄ፦ በሴል ባዮሎጂ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነኝ። የቆዳና የካንሰር ሴሎችን ያለ ችግር አሳድጌያለሁ። የሽል ግንድ ሴሎች ግን ሳምንት ሳይሞላ ከኮሎኒው (አብረው ከሚያድጉት የሴሎች ጥርቅም) ጫፍ ጀምረው መልካቸውን ይለውጡብኛል፤ አንድ በአንድ ነጣጥዬ ስዘራቸውም አብዛኞቹ ይሞታሉ። የምሳሳተው የት ላይ ነው?

መልስ፦ ስሕተቱን ከመፈለግዎ በፊት ከሴሎቹ ምን እየጠየቅናቸው እንደሆነ ማየት ይበጃል። በሽሉ ውስጥ ወደ ማንኛውም የሰውነት ሴል የመለወጥ ብቃት የሚቆየው ለጥቂት ቀናት ነው፤ ከዚያ በኋላ አንዱ ወደ ነርቭ፣ አንዱ ወደ ደም፣ አንዱ ወደ አንጀት የሚወስደውን መንገድ ይጀምራል። በተፈጥሮ እነዚህን ሴሎች ባሉበት ሁኔታ ለወራት የሚያቆይ ሥርዓት የለም። ከካንሰር ሴል የምንፈልገው እንዲባዛ ብቻ ነው፤ ከሽል ግንድ ሴል ግን ሳያቋርጥ እንዲባዛ፣ ሲባዛም ምንም እንዳይሆን እንፈልጋለን። ስለዚህ ጫፍ ላይ ያዩት ለውጥ የሴሎቹ ጤናማ ጠባይ ነው። የእርስዎ ሥራ ከምግቡ፣ ከሚጣበቁበት ንጣፍና ከእጅዎ የሚደርሳቸው ምልክት ሁሉ እንዲለወጡ የማይጋብዝ እንዲሆን ማድረግ ነው።

ከምግቡ እንጀምር። የአይጥ ሽል ግንድ ሴሎች በ1981 በካምብሪጅ በማርቲን ኢቫንስና በማቲው ካውፍማን፣ በሳን ፍራንሲስኮ ደግሞ በጌይል ማርቲን ተገኝተው ስለነበር፣ የሰዎቹም ከእነሱ ጋር አንድ ዓይነት ይሆናሉ ተብሎ ይጠበቅ ነበር። አልሆነም። የአይጦቹ ሊፍ በሚባል ፕሮቲን ሳይለወጡ ሲቆዩ የሰዎቹ ግን ሊፍ ቢሰጣቸውም ይለወጣሉ፤ የሰዎቹን የሚያቆያቸው ኤፍጂኤፍ2 የተባለው የዕድገት ፕሮቲን ከአክቲቪን ወይም ከቲጂኤፍ ቤታ ጋር ተዳምሮ ነው። የአይጦቹ ኮሎኒ ጉብ ያለ ነው፤ የሰዎቹ ጠፍጣፋ ነው። በ2007 ሁለት የምርምር ቡድኖች በማኅፀን ከተጣበቀ የአይጥ ሽል ግንድ ሴሎችን አውጥተው በመልክም በምግብ ፍላጎትም የሰዎቹን እንደሚመስሉ ባሳዩ ጊዜ፣ ልዩነቱ የዝርያ ብቻ ሳይሆን የዕድገት ደረጃም እንደሆነ ተረጋገጠ። በእኔ አስተያየት ሴሎችን ከመመገብ ሥራ የተገኘ ከዚህ የሚበልጥ ዕውቀት ጥቂት ነው፤ ማንም የሰውን ሽል በዚያ ዕድሜ ላይ ሳይነካ፣ ሴሎቹ የሚቀበሉትንና የማይቀበሉትን ምግብ በማስተዋል ብቻ በየትኛው ደረጃ ላይ እንዳሉ ለማወቅ ተችሏልና።

ወደ ሳህንዎ ስንመለስ፣ ኤፍጂኤፍ2 በ37 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ በቶሎ ይበላሻል። በአንድ ቀን ውስጥ ኃይሉ ስለሚደክም፣ በተለመደው የምግብ ፈሳሽ የሚሠራ ሰው ፈሳሹን በየቀኑ መለወጥ አለበት፤ ቅዳሜና እሑድም ጭምር። ሁለት ቀን የተዘለለ ሳህን በሦስተኛው ቀን ደህና ሊመስል ይችላል፤ ለውጡ የሚታየው ዘግይቶ ነው። ፈሳሹ ከቀይ ወደ ቢጫ ከተለወጠ ደግሞ ሴሎቹ ያመነጩት አሲድ ተጠራቅሟል ማለት ስለሆነ፣ ወይ በጣም በዝተዋል ወይ የመከፋፈያ ጊዜያቸው አልፏል። የእንስሳ የደም ውሃ ያለበት ፈሳሽ የሚጠቀሙ ከሆነም ይተዉት፤ በውስጡ የሚገኙት ቢኤምፒ የሚባሉ ፕሮቲኖች ሴሎቹን ወደ እንግዴ ልጅ ዓይነት ሴልነት ይገፏቸዋል።

ሁለተኛው ንጣፉ ነው። መጀመሪያ ላይ ግንድ ሴሎቹ የሚዘሩት በጨረር ወይም በመድኃኒት መባዛታቸው በቆመ የአይጥ ሴሎች ላይ ነበር። ይህ መንገድ ቢሠራም ሁለት ጉድለት ነበረው። የአይጥ ሴሎቹ የሚያመነጩት ነገር ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አይደለም፤ በ2005 እንደታየው ደግሞ የሰው ሴሎች ከእንስሳ የመጣ፣ የሰው አካል የማይሠራው የስኳር ዓይነት በላያቸው ላይ ይለጥፋሉ፤ የብዙ ሰዎች ደም ለዚህ ስኳር ፀረ አካል ስላለው፣ እንዲህ ያለ ሴል ለሕክምና ቢውል የሰውነት መከላከያ ሊያጠቃው ይችላል። ቀጥሎ የመጣው ከአይጥ ዕጢ የሚወጣው ማትሪጄል ሲሆን፣ እሱም ከአንዱ ምርት ወደ ሌላው ይለያያል። ዛሬ ቪትሮኔክቲን ወይም ላሚኒን 521 በሚባሉ ተለይተው በታወቁ ፕሮቲኖች ላይ መዝራት ይቻላል፤ የቶምሰን ላቦራቶሪ በ2011 ይፋ ያደረገው ኢ8 የተባለው ፈሳሽም ስምንት የታወቁ ነገሮች ብቻ የያዘ ነው። ምርጫው በእጅዎ ከሆነ የምመክርዎት ይህን ነው። በፈሳሹም በንጣፉም ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ነገር የሚያውቅ ሰው፣ ሴሎቹ ሲለወጡ ምክንያቱን የሚፈልግበት ቦታ ጠባብ ይሆንለታል።

የሴሎቹ መሞት ሌላ ጉዳይ ነው። የሰው ሽል ግንድ ሴሎች እርስ በርሳቸው ተያይዘው የሚኖሩ ናቸው። ትስስራቸው ተበጥሶ አንድ በአንድ ሲለያዩ በውስጣቸው ያለው የመኮማተሪያ ፕሮቲን ከልክ በላይ ይነቃል፤ ሴሉ ላዩ በአረፋ መልክ እየጎበጠ ይናጣል፤ ብዙም ሳይቆይ ይሞታል። ዮሺኪ ሳሳይ የመሩት የጃፓን ቡድን በ2007 ይህን ሂደት የሚያግድ ዋይ-27632 የተባለ ንጥረ ነገር ሲጨምር፣ ነጠላ ሆነው ተዘርተው ኮሎኒ የሚያወጡት ሴሎች ቁጥር ከ1 በመቶ ገደማ ወደ 27 በመቶ ገደማ ከፍ ብሏል። ስለዚህ ሁለት አማራጭ አለዎት፦ ወይ ካልሲየምን በሚይዝ ኢዲቲኤ ኮሎኒውን አላልተው በትንንሽ ጉብታ ወደ አዲስ ሳህን ማዛወር፣ ወይም በኢንዛይም ነጣጥለው ይህን ንጥረ ነገር ለመጀመሪያው ቀን ብቻ መጨመር ነው። ለዕለት ተዕለት ማዛወር የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱን ከሚቀጥለው ጥያቄ ጋር አነሳዋለሁ። ጉብታዎቹን በፒፔት ደጋግመው አይምቷቸው፤ በጣም ትንንሽ የሆኑት ይሞታሉ፤ በጣም ትልልቅ የሆኑት ደግሞ መሐላቸው ላይ ይለወጣሉ።

የቀረው ዓይን ነው። ጤነኛ ኮሎኒ ጠርዙ ጥርት ያለ፣ ሴሎቹ የተጠጋጉና እኩል የሆኑ፣ ኒውክለሳቸው ከቀሪው አካላቸው አንጻር ትልቅ ሆኖ የሚታይ ነው። ከጠርዙ የሾለኩ፣ የተለጠጡና የተራራቁ ሴሎች ካዩ የለውጡ ምልክት ናቸው። የተለወጠው ክፍል ጥቂት ከሆነ ከማዛወርዎ በፊት በማይክሮስኮፕ ሥር በቀጭን ጫፍ ጠርገው ያስወግዱት፤ ብዙ ከሆነ ግን ሳህኑን ይጣሉትና ሌላ ብልቃጥ ያቅልጡ። ከሴሎቹ ግማሽ ያህሉ የተለወጡበትን ሳህን ለማዳን የሚባክነው ሳምንት አይመለስም።

ጥያቄ፦ በምርምር ላቦራቶሪ በቴክኒሺያንነት እሠራለሁ። ሴሎቻችን ሲታዩ ያማሩ ናቸው፤ ማንነታቸውን የሚያሳዩት ኦክት4 እና ናኖግ የተባሉት ፕሮቲኖችም በምርመራ ይገኙባቸዋል። ከጥቂት ወራት ወዲህ እንዲያውም ከቀድሞው ይልቅ በፍጥነት መባዛትና ነጠላ ሆነው ሲዘሩም በደንብ መትረፍ ጀምረዋል። እንዲህ ከሆነ የክሮሞዞም ምርመራ ያስፈልገናል?

መልስ፦ ያስፈልጋችኋል፤ ዛሬውኑም ይደረግ። ደስ ያሰኛችሁ ነገር እኔን የሚያሳስበኝ ነው። የሽል ግንድ ሴል ቁጥሩን የሚያጥፈው ከአንድ ቀን እስከ አንድ ቀን ተኩል በሚሆን ጊዜ ነው፤ በየሳህኑ በሚሊዮን በሚቆጠሩ ሴሎች መካከል አንዱ በክሮሞዞሙ ላይ ከሞት የሚያድነው ለውጥ ቢገጥመው፣ በየማዛወሩ ከጎረቤቶቹ በላይ እየተረፈ ከጥቂት ዙር በኋላ ሳህኑን በሙሉ ይወርሳል። በፍጥነት ማደግና ነጠላ ሆኖ መትረፍ የዚህ የመጀመሪያዎቹ ምልክቶች ናቸው። ሴሎቹን የሚነጣጥል አዘዋወር ለእንዲህ ዓይነቱ ሴል ዕድል የሚሰጥ በመሆኑ ነው ከላይ ለጻፉልን ተማሪ በጉብታ ማዛወርን የመረጥኩት።

ለውጦቹ በዘፈቀደ የሚመጡ አይደሉም። በተደጋጋሚ የሚታዩት የ12ኛው፣ የ17ኛውና የኤክስ ክሮሞዞም፣ የ1ኛው ረጅም ክንድ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ 20ኪው11.21 ተብሎ የሚጠራው የ20ኛው ክሮሞዞም ትንሽ ቁራጭ ትርፍ ቅጂዎች ናቸው። ይህ ቁራጭ ቢሲኤል2ኤል1 የተባለውን ሴሉን ከሞት የሚከላከል ጂን ይይዛል። በ2011 ይፋ በሆነ ዓለም አቀፍ ጥናት 38 ላቦራቶሪዎች 125 የሽል ግንድ ሴል ዘሮችን መርምረው የለውጡን አቅጣጫ አረጋግጠዋል። በ2017 ደግሞ 140 የሴል ዘሮች ጂን ሲነበብ፣ አምስቱ በቲፒ53 ጂን ላይ ለውጥ ተገኘባቸው፤ ይህ ጂን ሴል ካንሰር እንዳይሆን ከሚጠብቁት ዋነኛው ነው።

ኦክት4 እና ናኖግ መገኘታቸው ስለዚህ ጉዳይ ምንም አይነግራችሁም። ክሮሞዞሙ የተበላሸ ሴልም እነዚህን ፕሮቲኖች አሟልቶ ይይዛል፤ መልኩም ያማረ ሊሆን ይችላል። የተለመደው የክሮሞዞም ምርመራም ብቻውን አይበቃም፤ የ20ኛው ክሮሞዞም ትርፍ ብዙ ጊዜ በማይክሮስኮፕ ከሚለየው መጠን ስለሚያንስ ለይቶ የሚፈልገው ሌላ የዲኤንኤ ምርመራ ሊታከልበት ይገባል። በየ10 ማዛወሩ ገደማ፣ ከማንኛውም ትልቅ ሙከራ በፊትና አዲስ ክምችት ከመታሸጉ በፊት ቢደረግ ጥሩ ልማድ ነው። በዚያው አጋጣሚ ሴሎቹ እውነት መለያቸው ላይ የተጻፈው ዘር መሆናቸው፣ ማይኮፕላዝማ የተባለው ባክቴሪያም እንዳልገባባቸው ይረጋገጥ። ማይኮፕላዝማ ፈሳሹን ሳያደፈርስ ሳህን ውስጥ ለወራት ይኖራል፤ የሴል ግድግዳ ስለሌለው ፔኒሲሊን አይነካውም፤ የሴሎቹን ጠባይ ግን ይለውጣል።

ምርመራው ውድ ነው ለሚሉ ኃላፊዎች ይህን ብታስረዷቸው ደስ ይለኛል፦ በተበላሸ ሴል የተሠራ የአንድ ዓመት ሙከራ ስለ ሰው ሽል ሳይሆን በሳህን ላይ ስለ ተመረጠ ሌላ ሴል የሚናገር ይሆናል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ሴሎቹ እንደመጡ፣ ገና ብዙ ጊዜ ሳይዛወሩ፣ በርከት ያሉ ብልቃጦችን ዲኤምኤስኦ (ሴሎቹን ከቅዝቃዜ ጉዳት የሚጠብቅ ንጥረ ነገር) በተጨመረበት ፈሳሽ ቀስ በቀስ፣ በደቂቃ አንድ ዲግሪ ያህል አቀዝቅዛችሁ ወደ ፈሳሽ ናይትሮጅን ክምችት አስገቡ፤ ከዚያም ከተወሰነ የማዛወር ቁጥር በኋላ የቆየውን ሳህን እየጣላችሁ ወደ ክምችቱ ተመለሱ።

ጥያቄ፦ ሽልን ማፍረስ ሕሊናዬን ይከብደዋል። ከቆዳ ሴል ተመሳሳይ ግንድ ሴል መሥራት እንደተቻለ አንብቤያለሁ። ታዲያ ከሽል የተገኙትን ማጥናት ለምን አልቀረም?

መልስ፦ የሚከብድዎት ነገር የብዙ ሕግ አውጪዎችም ጭንቀት ሆኖ ስለኖረ ብቻዎን አይደሉም። በብሪታንያ በሜሪ ዋርኖክ የተመራው ኮሚቴ በ1984 ሽል በላቦራቶሪ ከ14 ቀን በላይ እንዳይቆይ ሐሳብ አቅርቦ በ1990 ሕግ ሆነ። ጀርመን ሽልን ለምርምር ማፍረስን ከልክላ፣ ከተወሰነ ቀን በፊት በሌላ አገር የተገኙ የሴል ዘሮችን ብቻ በፈቃድ እንዲገቡ ታደርጋለች። በአሜሪካ ምክር ቤቱ ከ1996 ጀምሮ ሽል የሚፈርስበትን ምርምር በፌዴራል መንግሥት ገንዘብ መደገፍን ስለከለከለ፣ የቶምሰን የ1998 ሥራ የተከናወነው በግል ገንዘብ ነበር።

ያነበቡት ነገር እውነት ነው። ሺንያ ያማናካ በ2006 በአይጥ፣ በ2007 በሰው የቆዳ ሴል ላይ አራት ጂኖችን በማስገባት ሴሉን ወደ ሽል ግንድ ሴል መሰል ሁኔታ መለሰው፤ በ2012ም ከጆን ገርደን ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ግን አራቱ ጂኖች ከየት እንደመጡ ይመልከቱ። ያማናካ የጀመረው ከ24 ዕጩ ጂኖች ሲሆን፣ የመረጣቸውም በሽል ግንድ ሴሎች ውስጥ እንደሚሠሩ ስለሚታወቅ ነው። አዲሶቹን ሴሎች የመገበውም ለሽል ግንድ ሴሎች በተዘጋጀው ፈሳሽ ነው፤ መሳካቱን ያረጋገጠውም ከእነሱ ጋር በማወዳደር ነው። ሴልን ባለበት ማቆየት በትዕግሥት ባይጠና ኖሮ ሴልን ወደ ኋላ መመለስ የሚታሰብ አልነበረም።

ዛሬስ? ከአንድ ሕመምተኛ ቆዳ ወይም ደም የተሠራ ሴል የዚያን ሰው የውርስ በሽታ በሳህን ላይ ለማጥናት ከሽል ከተገኘው ይመረጣል፤ ለብዙ ጥያቄም ይበቃል፤ በሚበቃበት ቦታ ሁሉ እሱን መጠቀም ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ። ሆኖም ከአዋቂ ሰው የተወሰደ ሴል በዕድሜው ያጠራቀማቸውን የዲኤንኤ ጉዳቶች ይዞ ይመጣል፤ ከቀድሞ ማንነቱ የተረፈ ምልክትም አንዳንዴ ይገኝበታል። እነዚህን ለይቶ ለማወቅ ያልተነካ ማነጻጸሪያ ያስፈልጋል፤ ማነጻጸሪያውም ከሽል የተገኘው ሴል ነው። ይህ ፍላጎት ደግሞ በአብዛኛው ባሉት የሴል ዘሮች ስለሚሟላ፣ አዲስ ሽል የሚጠይቅ ተመራማሪ ያሉት ለምን እንደማይበቁት የማስረዳት ግዴታ ሊኖርበት ይገባል። እርስዎ ከዚህም በኋላ ያሉትንም መጠቀም ስሕተት ነው ቢሉ አቋምዎን አከብራለሁ፤ የማልስማማው ሁለቱ ሴሎች ምንም ልዩነት የላቸውም ከሚለው አባባል ጋር ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ የዘጠኝ ዓመት ልጄ በአንደኛው ዓይነት የስኳር ሕመም ኢንሱሊን ትወጋለች። በግንድ ሴል እናድናታለን የሚል ማስታወቂያ በስልኬ ደረሰኝ። እውነት ሊሆን ይችላል?

መልስ፦ ምርምሩ እውነት ነው፤ ማስታወቂያው ግን ለልጅዎ አይደለም። ሁለቱን ለይቼ ላስረዳዎት።

የልጅዎ ሕመም የመጣው የሰውነቷ መከላከያ በቆሽት ውስጥ ኢንሱሊን የሚሠሩትን ሴሎች ስላጠፋባት ነው። ከግንድ ሴል እነዚህን ሴሎች መሥራት ይቻላል፤ ነገር ግን ከላይ ስንነጋገርበት የቆየነው፣ ሴሎቹን ባሉበት የሚያቆየው ምልክት ተነሥቶ በሽሉ ውስጥ ቆሽት ሲሠራ የሚተላለፉት ምልክቶች በየተራቸው፣ በየመጠናቸውና በየቀናቸው መሰጠት አለባቸው። በሃርቫርድ ዳግላስ ሜልተን የመሩት ቡድን ከረጅም ዓመታት ሥራ በኋላ በ2014 ይህን በብዛት ማድረግ እንደሚቻል አሳየ። ሂደቱ ሳምንታት ይወስዳል፤ በመጨረሻም ሳይለወጡ የቀሩ ግንድ ሴሎች አለመኖራቸው ይመረመራል፤ ሳይለወጥ ወደ ሰው አካል የገባ ግንድ ሴል ቴራቶማ የሚባል፣ የልዩ ልዩ አካላት ሕብረ ሕዋስ የተቀላቀለበት ዕጢ ሊያበቅል ይችላልና።

በ2025 ይፋ በሆነ ሙከራ በዚህ መንገድ የተሠሩ ሴሎች ወደ ጉበት በሚያመራ የደም ሥር ተሰጥተው፣ ሙሉ መጠን ከተቀበሉት 12 ሰዎች መካከል 10ሩ ከአንድ ዓመት በኋላ ኢንሱሊን መውጋት አላስፈለጋቸውም። ይህን ሳነብ ከልቤ ተደስቻለሁ። ነገር ግን ተሳታፊዎቹ አዋቂዎች ነበሩ፤ የደም ስኳራቸው ሳይታወቃቸው ሕይወትን እስከሚያሰጋ ድረስ የሚወርድባቸው ነበሩ፤ አዲሶቹ ሴሎች እንዳይጠቁባቸውም የመከላከያ ሥርዓትን የሚያዳክም መድኃኒት ሳያቋርጡ መውሰድ ነበረባቸው። በሙከራው ሁለት ሰዎች ሞተዋል፤ አንደኛው ከቀድሞ የነበረበት የማሰብና የማስታወስ ችሎታ መዳከም ተባብሶበት ሲሆን፣ ሌላው በፈንገስ በመጣ ማጅራት ገትር ነው፤ እንዲህ ያለው ኢንፌክሽን መከላከያው በተዳከመ ሰው ላይ የሚበረታ ነው። ኢንሱሊን እየወሰደች ለምታድግ ሕፃን ይህ መድኃኒት ዛሬ ከሕመሙ ይልቅ የሚያሰጋ ሊሆን ይችላል። ተመራማሪዎች አሁን የሚደክሙበትም ይኸው ነው፦ ሴሎቹን በጂን ለውጥ ወይም በመከለያ ከመከላከያ ሥርዓቱ መሰወር።

ማስታወቂያውን የላኩልዎትን ሰዎች የሚከተለውን ይጠይቋቸው፦ ሴሎቹ ከየት የተገኙና ወደ ምን የተለወጡ እንደሆኑ፣ ክሮሞዞማቸውን ማን እንደመረመረ፣ ያልተለወጡ ግንድ ሴሎች አለመኖራቸው እንዴት እንደተረጋገጠ፣ ሥራው በየትኛው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን ፈቃድ እንደሚካሄድ፣ ልጅዎም በኋላ የትኛውን መድኃኒት ለስንት ጊዜ እንደምትወስድ። በሙከራ ላይ ላለ ሕክምና ገንዘብ ከጠየቁ፣ ወይም አንዱ ዓይነት ሴል ለስኳር፣ ለዓይን፣ ለነርቭና ለጉልበት ሁሉ ይበቃል ካሉ፣ ንግግሩን እዚያው ያቁሙት። ልጅዎን የሚከታተሉት ሐኪም ስለ ተፈቀዱ ሙከራዎች ሊነግሩዎት ይችላሉ፤ እስከዚያው ድረስ ኢንሱሊኗንና የደም ስኳር ክትትሏን ለአንድ ቀንም ቢሆን እንዳያቋርጡባት።